ከትከሻ በላይ

አራጌ ነገሩን የተናገረው ቅቤውን ከሰል ላይ እያቀለጠ ነው። የተናገረውም ለፈንታው ሳይሆን ለእህቱ ልጅ ለሐረግ ነበር፤ ያውም ስለ በቅሎው ኮርቻ ሲያወራ በመሀል ጣል አድርጎ። ትናንት አመሻሽ ላይ ከከላላ ወዲህ ካለው አገሩ ደርሶ በቅሎዋን ሊያስር በቀበሌው አጥር ጥግ ሲያልፍ፣ ሁለት ሰዎች «የሀጀራ የጓሮ ክፍል ጉዳይ ነገ ያልቃል፤ እጅ ማስነሣት ብቻ ነው የቀረው» ሲባባሉ ሰምቷል። «ሀጀራ ያቻት፣ እናንተን ያስጠጋቻችሁ?» ብሎ ጠየቀና መልስ ሳይጠብቅ ጣቱን ቅቤው ውስጥ ነክሮ ሙቀቱን ለካ። የሐረግ ባል ፈንታው ግራ ትከሻውን ገልጦ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የጥቅምት መጨረሻ ብርድ ቆዳውን አሳክኮታል። ይህንን ሲሰማ ሸሚዙን በቀኝ እጁ ስቦ ትከሻውን ሸፈነ።

«ምን ሆንህ፣ ገና አልነካሁህም» አለ አራጌ።

«ተወው ጋሼ።»

«ምኑን ነው የምተወው? ሙሉ ቀን በበቅሎ መጥቼ?»

ወጌሻው አራጌ በአገሩ ስሙ የታወቀ ሰው ነው። የወለቀ ክርን፣ የተሰበረ ጭን፣ ከዋርካ የወደቀ እረኛ፣ ገደል የገባ ወይፈን ሳይቀር አቃንቷል። ሐረግ ለባሏ ሳትነግረው በገበያተኛ ላከችበት፤ እሱም ክፍያ ፈልጎ ሳይሆን የእህቱ ልጅ ናት ብሎ መጣ። ሌሊቱን ደግሞ ፈንታው በግራ ጎኑ በተገላበጠ ቁጥር ሲያቃስት ሰምቶ፣ ሲነጋ ቡና እንኳ ሳይቀምስ «ወልቋል፤ አንድ ጊዜ ሳብ አድርጌ ቦታው እመልሰዋለሁ» አለ። ፈንታው ቅቤውን ፈቅዶ መሳቡን እንዴት እንደሚከለክል ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር ያችን ወሬ የሰማው። መሳብ እንደማይፈቀድ ያውቃል፤ የክሊኒኩ ድሬሰር ብዙነህ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ነግሮታል፤ «ማንም እንዳይስብህ፤ አጎት ቢሆንም፣ ቄስ ቢሆንም።» ግን የሚስት አጎትን፣ ከሩቅ አገር የመጣን፣ ቅቤ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ያቀለጠን ሰው «አትንካኝ» ማለት እንዴት ይቻላል?

ሦስት ሳምንት ሙሉ በመካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ስለ ትከሻው አስተያየት ያልሰጠ ሰው የለም። ሐረግ ብርድ ነው አለች። የጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪ መጋኛ ነው አለ፤ ሌሊት ለሽንት ሲወጣ አግኝቶት ይሆናል። ቄሱ ጠበል መከሩት፤ እሱም ሰባት ቀን ተጠምቆ ነፍሱ ቀለል ቢላትም ትከሻው ግን እንዳለ አለ። የልብስ ሰፊው ሚስት ዓይን ነው አለች፤ ሰው እንደዚያ ያማረ ፊደል ሲጽፍ ተመልክቶ ዝም አይልም ብላ። ሁሉም የሚናገረው በእርግጠኝነት ነው። ሁሉም ደግሞ ሲናገር ያመመውን ቦታ በጣቱ ጠቅ ሳያደርግ አይሄድም። ፈንታው በተፈጥሮው ታጋሽ ነው፤ ሰው ሲመክረው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይሰማል። ባለፈው ሳምንት ግን አንዱ ሻይ ቤት ውስጥ «የአህያ ወተት ሞክረሃል?» ሲለው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ።

ሕመሙ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም ነበር። ፈንታው ግራኝ ነው። ልጅ ሳለ መሪጌታው ግራ እጁን በገዛ ነጠላው ጥለት ከወገቡ ጋር እያሰሩ በቀኙ እንዲጽፍ አስጨንቀውት ነበር፤ ቀኝ እጁ ግን የዶሮ እግር ከሚመስል ፊደል ሌላ አልወጣው አለ። በኋላ እርሻውን ትቶ ከተማ ሲገባ የሱቅና የሻይ ቤት ማስታወቂያ እየጻፈ በዚያችው በተረገመችው ግራ እጁ እንጀራውን በላ። አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ያች የምትታሰር እጅ የክብር እጅ ሆነች፤ ሕዝቡ በስብሰባ ሁሉ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እንዲያነሣ ታዘዘ፤ ፈንታውም የቀበሌው ቀለም ቀቢ ተባለ። ከከተማው መግቢያ የባሕር ዛፍ ቅስት ተሠራ። መሰላል ላይ ቆሞ፣ ግራ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ፣ ከጧት እስከ ማታ መፈክር ይጽፋል። ጽፎ ሲጨርስ ከደሴ ሌላ ደብዳቤ ይመጣና ቃሉ ተለውጧል ይባላል። በኖራ ይሸፍነዋል፤ እንደገና ይጽፋል። በሁለት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ። በአምስተኛው ጊዜ ቡሩሹ ከእጁ ወደቀና ሲያነሣው ከትከሻው ፊት ለፊት፣ ጣት የምታክል ቦታ ላይ፣ የጋለ ብረት ገባበት። ከዚያ ወዲህ ሸሚዝ መልበስ ሥራ ሆነ። የውኃ ማሰሮ ከመደብ ማንሣት ሥራ ሆነ። በመቅደሱ ደጃፍ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «አቡነ ዘበሰማያት» ማለት እንኳ አቃተው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ስማቸው ግን ሕመም ማለት ደም የሚፈስ ነገር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ሕዝቡ መፈክር ሲያሰማ የፈንታው እጅ እግሩ አጠገብ ተንጠልጥላ ባያት ጊዜ «ይህ አድኃሪነት ነው ወይስ ስንፍና?» ብሎ በስብሰባ ፊት ጠየቀው። በሚቀጥለው እሁድ ፈንታው ማኅተም ያለበት የክሊኒክ ወረቀት ይዞ መጣ። ጓድ ስማቸው ጮክ ብሎ አነበበው፤ «ግራ ክንዱን ከትከሻ በላይ ለስድስት ሳምንት እንዳያነሣ።» ሕዝቡ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተና «ደኅና። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ይች እጅ ከትከሻ በላይ ስትወጣ ያየሁ ዕለት፣ አንተንም ሐኪምህንም አብዮቱን አታላችኋል ብዬ ለአውራጃ አቀርባችኋለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈንታው ከፊት ረድፍ ጥግ ለብቻው ይቀመጣል። መፈክር ሲነሣ እሱ ይቀመጣል፤ ሰው ከኋላው አንገቱን ሲያየው ይታወቀዋል።

ዛሬ ሦስተኛው ሳምንት ይገባል። ዛሬ ደግሞ እጅ የሚነሣው በሀጀራ ቤት ላይ ነው።

ለአራጌ ምን ብሎ ያስረዳዋል? በስልሳ ስድስቱ ችጋር ከአቀስታ በላይ ካለው ደጋ ሲወርዱ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም። ሀጀራ የቆዳ ነጋዴው የጀብሪል ሚስት ናት፤ ባሏ ሲሞት ያልተሸጠ ቆዳ የሞላበት የጓሮ ክፍል ብቻ ትቶላት ነበር። ያንን ቆዳ አውጥታ ደጅ ላይ ዝናብ እያበሰበሰው፣ እነሱን አስገባች። አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖሩበት። ኪራይ የሚባል ነገር አንድም ቀን ከአፏ አልወጣም። ሦስት ሆነው ገብተው ሁለት ሆነው ወጡ። ያችን ሦስተኛዋን፣ ልጃቸውን፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ያጠበቻት ሀጀራ ናት፤ ሐረግ መቆም ስላልቻለች። ባልና ሚስቱ ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ዛሬም ሐረግ ሰሐኑን ማጠብ ጀመረች እንጂ ቀና አላለችም።

ፈንታው ተነሣ። «ክሊኒክ ደርሼ እመጣለሁ» አለ።

«በእሁድ?» አለ አራጌ።

«ድሬሰሩ እዚያው ነው የሚኖረው።»

አራጌ የቅቤውን ሳህን ከከሰሉ ላይ አወረደና በጨርቅ ሸፈነው። ሐረግ ባሏን እስከ በር ተከትላ ወጣችና በሹክሹክታ «አሳፈርኸኝ» አለችው። እሱም «ገብቶኛል» ብሎ ሄደ።

ብዙነህን በክሊኒኩ ግቢ ካለችው አንዲት ክፍሉ ደጃፍ ካልሲውን እያጠበ አገኘው። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱ ግን «ድሬሰር ነኝ» እያለ ማረም ከሰለቸው ቆይቷል። በችጋሩ ዘመን በመጠለያ ሲሠራ የተማረው ብዙ ነገር አለ፤ ከሁሉ በላይ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ መስማት። ፈንታው የመጣበትን እስኪጨርስ ካልሲውን ሳይጨምቅ ይዞ ቆየ።

«መጀመሪያ እጅህን ልየው» አለና አስቀመጠው። «ዘርጋት ወደ ፊት። መዳፍህ ሰማይ ይይ። አሁን እኔ ወደ ታች ስጫን አንተ ታገለኝ።» ተጫነው። ፈንታው ፊቱን አጨማደደ። «የት ጋ ነው?»

«እዚያችው። ከፊት ለፊት።»

«እንደ በፊቱ?»

ፈንታው አሰበ። «እንደ በፊቱስ አይደለም። በፊት ዓይኔን ያጨልመኝ ነበር።»

ብዙነህ ደስ ሲለው የሚናደድ ይመስላል። «አየህ! ሰው ሁሉ አጥንት አጥንት ይላል። አጥንትህ ምንም አልሆነም፤ አልወለቀም። አራሽ ነበርህ አይደል? ሞፈርን ከቀንበር የሚያስረውን ምራን ታውቃለህ። ጠፍሩ ዘወትር በአንድ ቦታ ሲፈተግ ምን ይሆናል?»

«ይላላጣል። ይሳሳል።»

«ይኸው ነው። የክንድህን ጡንቻ ከትከሻህ የሚያስር ጅማት አለ፤ በአጥንቱ ላይ በተሠራች ቀጭን ቦይ ውስጥ ነው የሚያልፈው። አንተ ሁለት ወር ሙሉ እጅህን ሰቅለህ ስትፈትገው አበጠ፣ ተቆጣ። የተላላጠ ምራን በሬ ሲጎትተው ምን ይሆናል?»

«ይበጠሳል።»

«እንግዲህ ወጌሻ ሳበው ማለት ይኸ ነው። አሳርፈው አልሁ እንጂ እሰረው ደግሞ አላልሁም፤ ጨርሶ ከታሰረ ትከሻው ይደርቅና በገና በዓል ነጠላህን መልበስ ያቅትሃል። ጠረጴዛ ተደግፈህ ጎንበስ እያልህ እንደ ደወል ምላስ ማወዛወዙን አልተውህም?»

«አልተውሁም። ጧት ማታ።»

«አስፕሪኑንስ እህል ከቀመስህ በኋላ ነው የምትውጠው?»

«እህል ባለ ጊዜ» አለ ፈንታው፤ ሁለቱም ትንሽ ፈገግ አሉ።

ከዚያ ብዙነህ ስለ ቀጣዩ ነገር አሳየው። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የታመመው እጅ ይነሣል፤ ግን በራሱ ጉልበት አይነሣም። ደኅናው እጅ ከክርኑ ሥር ገብቶ ይሸከመዋል፤ የታመመው እንደ ሕፃን ዝም ብሎ ይታዘላል። ቀስ ብሎ እስከሚችለው ድረስ፣ አሥር እስኪቆጠር፣ ከዚያ ይወርዳል። ፈንታው ሞከረው። ቀኝ መዳፉን ከግራ ክርኑ ሥር አድርጎ ሲያነሣው እጁ ወጣ፤ ከጆሮው አለፈ። ሁለቱም ወደ ላይ አዩ። ፈንታው ከሦስት ሳምንት በኋላ የገዛ እጁን ከራሱ በላይ ሲያያት የሰው ዕቃ መሰለችው።

«ይህንን ወረቀት ላይ ጻፍልኝ» አለ። «ሲታገዝ ይነሣል ብለህ። ማኅተም ምታልኝ።»

ብዙነህ ካልሲውን አሁን ጨመቀው። «ማኅተሙ ደሴ ሄዷል።»

«ማኅተም ደግሞ ይሄዳል?»

«ኃላፊው መድኃኒት ሊያመጣ ሲሄድ ማኅተሙን ኪሱ ውስጥ ይዞት ሄደ። አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ትናንት አንዲት እናት ለሞተ ልጇ ወረቀት ፈልጋ መልሻታለሁ።» ካልሲውን ገመዱ ላይ ሰቀለ። «አትሂድ አልልህም። ሂድም አልልህም። እኔም ስሜ ተጠርቷል፤ ታውቃለህ።»

ፈንታው አውቃለሁ አለ። መንገዱን ሁሉ ያሰበው ይህንኑ ነበር። እሱ ቢታሰር አንድ ቀለም ቀቢ ነው የሚጎድለው። ብዙነህ ቢሄድ ግን ለዚያ ሁሉ ሰው ማን አለ?

ሲመለስ የቅዳሴው ድምፅ ከቤተ ክርስቲያን ይሰማ ነበር። ስብሰባው ሆን ተብሎ ሦስት ሰዓት ላይ ይደረጋል፤ ሥጋ ወደሙ ሳይወርድ ሰው ጥሎ እንዲወጣ። ፈንታው የግቢውን በር ተሳልሞ አለፈ። እግዚአብሔርንም ቢሆን ዛሬ ብዙ የሚለምነው ነገር አልነበረም፤ «ማኅተሙን መልስልን» ብሎ ጸልዮ በራሱ ጸሎት አፈረ። ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ሀጀራን አገኛት። ናፍጣ ከጠፋ ወዲህ ወፍጮው አይሠራም፤ እሷ ግን በልማድ ይሁን በምን አንድ ቁና ገብስ በመቀነቷ ቋጥራ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ ሀጀራ።»

«አልሐምዱ ሊላህ። ሐረግ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት።»

«እንግዳ መጥቶላችኋል አሉ።»

«አጎቷ ናቸው።»

«አብሽሩ» አለች፤ ለምኑ እንደሆነ አልገባውም። ስለ ክፍሉ አላነሣችም። ስለ ትከሻውም አላነሣችም፤ በከተማው ውስጥ ስለ ትከሻው ያልጠየቀችው እሷ ብቻ ናት። ሁለቱም የወፍጮ ቤቱን የተቆለፈ በር ትንሽ ካዩ በኋላ ወደየመንገዳቸው ሄዱ። ፈንታው አሥር እርምጃ ሄዶ ለምን አልነገርኋትም ብሎ ራሱን ጠየቀ። ምን ይበላት? እጄን ላነሣልዎ አስቤያለሁ፣ ካልተቆጠረ ግን ይቅርታ?

የቀበሌው አዳራሽ የዱሮ ባላባት እህል ማከማቻ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው መፈክር የፈንታው እጅ ሥራ ነው፤ አራተኛው። ከሥሩ ሦስተኛው በኖራው ውስጥ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ዝናብ ሲያርሰው ሁለቱ ይደራረቡና ማንበብ ይቸግራል። አራጌ መጣ። እንግዳ ነውና ከኋላ ከበሩ አጠገብ በጋቢው ተጠቅልሎ ተቀመጠ፤ ሐረግም ከጎኑ። ለፈንታው ሰላምታ አልሰጠውም። ብዙነህ ዘግይቶ ገብቶ ግድግዳ ተደገፈ። ሀጀራ ከሴቶቹ መሀል ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ ነበር።

ጓድ ስማቸው ነገሩን ባጭሩ አቀረበ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ አለ። አንድ ሰው አንድ ቤት። የሀጀራ የጓሮ ክፍል የራሱ በር አለው፤ በሩም ወደ ጎዳና ይወጣል። ስለዚህ ሁለተኛ ቤት ነው። ቀበሌው ደግሞ የውይይት ክበብ የለውም። «ማስታወቂያውን ጓድ ፈንታው ሲሻለው ይጽፍልናል» ሲል አንዳንዱ ሳቀ።

ፈንታው ጥጉ ላይ ካለችው የሕሙማን ወንበሩ ተነሣ። «እኔ ኖሬበታለሁ። ቤት አይደለም፤ የቆዳ ማስቀመጫ ነው። ኪራይ ተቀብላ አታውቅም።»

«ስንት ጊዜ ኖርህ?»

«ዓመት ከአራት ወር።»

«በነፃ?»

«በነፃ።»

ጓድ ስማቸው ይህንን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ነበር። «ጓዶች፣ ስሙ እንግዲህ። ዓመት ከአራት ወር ለሌላ ሰው በነፃ የሰጠችው ክፍል ለእሷ አያስፈልጋትም ማለት ነው። የማያስፈልግ ነገር ደግሞ ምንድን ነው? ትርፍ ነው።»

ፈንታው ይህንን ንግግር ከየት ጀምሮ እንደሚያፈርሰው ፈለገ፤ አላገኘም። ብታከራየው ኖሮ አከራይ ትባል ነበር። ስላላከራየችው ባለትርፍ ሆነች። ቆዳውን አውጥታ ዝናብ ባታስበላው፣ እነሱንም ደጅ ላይ ትታቸው ቢሆን፣ ክፍሉ ዛሬ የራሷ ነበር። ተቀመጠ።

«ትርፍ ነው የምትሉ፣ ግራ እጅ» አለ ጓድ ስማቸው። እጆች ወጡ፤ እሱ ራሱ እያዟዟረ ቆጠረ። ሃያ ዘጠኝ። «አይደለም የምትሉ። ግራ እጅ፤ ቀኝ አልቆጥርም።» ከኋላ አንድ ሽማግሌ አነሡ፤ ዳቦ ጋጋሪው አነሣ። ሌላው እግሩን ያያል። ሁለት ሴቶች እጃቸውን እስከ ጆሯቸው አድርሰው ሻሻቸውን ያስተካከሉ መሰሉ።

ፈንታው ቀኝ መዳፉን ከግራ ክርኑ ሥር አስገባ። የጅማቷ ቦታ ቆጠቆጠው፤ ግን ብዙነህ እንዳለው ጉልበቱን ሁሉ ለቀኙ ትቶ ቀስ ብሎ አነሣት። ከትከሻው አለፈች። ከጆሮው አለፈች።

ጓድ ስማቸው ቆጠራውን አቆመ። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና ሳይገልጠው ያዘው። «ምንድን ነው የማየው?»

«እጅ ነው» አለ ፈንታው።

«ስድስት ሳምንት ሞላ?»

«አልሞላም።»

«ስለዚህ አታላችሁናል።»

«ሕክምናው ነው።» የተናገረው ብዙነህ ነበር፤ ከግድግዳው ተላቅቋል። «በራሱ ጉልበት እንዳያነሣ ማለቴ ነው። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ደኅናው እጅ ያነሣዋል፤ አሥር እስኪቆጠር። ለማንም ቢሆን ይኸው ነው የማዝዘው። ለርስዎም።»

«ማኅተም ያለው ወረቀት አለህ?»

«ማኅተሙ ደሴ ነው።»

ሰው መሳቅ ጀመረ፤ የማኅተሙን ታሪክ የማያውቅ አልነበረም። ጓድ ስማቸው ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ወደ ፈንታው ዞረ። «እሺ። ሕክምና ይሁን። ግን ያነሣው ቀኝህ ነው። ቀኝ ያነሣውን ግራ አልቆጥርም፤ ለቃለ ጉባኤም አይመችም። አውርድ።»

ፈንታው አላወረደም። ቀኝ ክንዱ መዛል ጀምሯል፤ ላብ በአንገቱ ይወርዳል። ቀኙን ቢለቅ ግራው እንደ ድንጋይ ይወድቃል፤ በራሷ ቢያቆማት ደግሞ ያች የተላላጠች ምራን ትበጠሳለች። እንደዚያ ሆኖ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ፣ ከኋላ ጋቢ ሲጎተት ሰማ። አራጌ በወንበሮቹ መሀል «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ፣ አሳልፉኝ» እያለ መጣ። ከፈንታው ጎን ቆመ። እነዚያ ጣቶች አሁን አንድ ጊዜ ሳብ ቢያደርጉስ? አራጌ ግን ድሬሰሩን አየው።

«እንዴት ነው የሚያዘው?»

«ከክርኑ ሥር» አለ ብዙነህ። «ሳይስቡ። መሸከም ብቻ።»

አራጌ ዐርባ ዓመት ሙሉ ሲስብ የኖረ ሰፊ መዳፉን ከክርኑ ሥር አስገብቶ ሸክሙን ተቀበለ። ሌላኛውን መዳፉን ከብብቱ አጠገብ አድርጎ ደገፈው። «ልቀቅ» አለው ለፈንታው። ፈንታው ለቀቀ። ግራ እጁ አየር ላይ ቀረች፤ ቀኙ ወደ ጭኑ ወረደች።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለ ጓድ ስማቸው።

«የከላላ ሰው ነኝ። ወጌሻ ነኝ። ለማንም እጅ አላነሣሁም፤ የሰው እጅ ነው የያዝሁ፤ ሥራዬ ነው።» ከዚያም እንደ ማንኛውም ሥራው፣ የሰዉን ሳቅ ሳይሰማ መቁጠር ጀመረ። «አንድ። ሁለት።»

ሳቁ መጀመሪያ ከዳቦ ጋጋሪው ተነሣ፤ ከዚያ ወደ ሴቶቹ ሄደ። አራጌ አራት ሲል ያች ሻሿን ያስተካከለች ሴት እጇን ጨርሳ አነሣች፤ ጓደኛዋም አነሣች። ስድስት ሲል የልብስ ሰፊው ሚስት። ቀድሞ «ትርፍ ነው» ያሉ ሁለት ሰዎች ግራ እጃቸውን እንደገና አነሡ፤ ይህ አይቻልም ተብለው ሲከራከሩ ሌሎች ደርዘን እጆች ወጡ። የታመመ ሰው በሽማግሌ ተደግፎ ካነሣ ጤነኛው ምን ብሎ ይቀመጣል? አራጌ አሥር አለ፤ አላወረደም ግን፤ ቆጠራው ስላላለቀ ከአንድ እንደገና ጀመረ። ጓድ ስማቸው ሠላሳ ሦስት ላይ ደርሶ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ጉዳዩ ለአውራጃ ይጻፋል» አለ። «እስከዚያ ክፍሉ ባለበት ይቆይ።» ሰው ሲነሣ ግን ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጓድ ፈንታው። እጅህ ተነሥቷልና ነገ ጧት ቅስቱ ላይ እንገናኝ። አዲስ ደብዳቤ መጥቷል።»

«በቀኜ ነው የምጽፈው» አለ ፈንታው።

«በቀኝህ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

ጓድ ስማቸው አየው፤ ይህ ሰው እየቀለደ እንደሆነ ለማወቅ ሞከረ። ፈንታው አልቀለደም። የዶሮ እግር የሚመስል ፊደሉን፣ መሪጌታውን፣ ጥለቱን እያሰበ ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ፣ በትልቁ።

ወደ ማታ አራጌ ቅቤውን እንደገና ከሰል ላይ አደረገው። ረግቶ ነበር። ከአዳራሹ ከተመለሱ ወዲህ ሐረግ ገንፎ ሠርታ አብልታቸዋለች፤ አራጌ ያንን ድሬሰር ሁለት ጊዜ «ልጅ ነው ገና» ብሎታል። ፈንታው ሸሚዙን በራሱ አውልቆ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ቅቤውስ ይከለከላል?» አለ አራጌ።

«ቅቤው ምን አደረገ።»

«እንግዲያ ዝም በል።» ቀባው፤ ከፊት ለፊት ያችን ቦታ ሲያገኝ ጣቱን አሳረፈና ለረጅም ጊዜ ሳይጫን ቆየ፤ ከዚያ ለራሱ «እንዲህ ነው እንዴ» አለ።

በአጥሩ ማዶ ኮሽታ ተሰማ። ሀጀራ ናት፤ አንድ ቁራጭ የተለፋ ቆዳ በአጥሩ ላይ አሳልፋ አንጠለጠለች። «ለአጎትሽ በቅሎ ነው፤ ለኮርቻ» አለች ለሐረግ። ሐረግ ወጥታ ተቀበለቻት፤ ሁለቱ ሴቶች ትንሽ ቆሙ። ፈንታውም ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ሀጀራ ስለ ስብሰባው ምን ልትል እንደሆነ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር ከነከናት።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የቆየሁት፤ ዱዓ ላይ ነበርሁ። ምንም አላየሁም» አለችው። «የትኛዋን ነው ያነሣኸው?»

ፈንታው አሰበ። «ሁለቱንም» አላት።

ከውስጥ፣ ከከሰሉ አጠገብ፣ አራጌ «የእኔንስ የት አደረግኸው?» አለ።